የሐብሩን ማሽላ ከነታሪኩ ያተረፉት ወይዘሮ ሰገን ገብረእዝጊ

ወይዘሮ ሰገን ገብረእዝጊ ከአባታቸው ከአቶ ገብረእዝጊ ተክሉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣበራሽ ሐጎስ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። አባታችን ከተምቤን መጥተው በወልድያ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ሮዛ ነኝ። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል፤ እህቴ ግን ደግ ብቻ ሳይሆኑ ግትርም ነበሩ። ይህን ዘልዬ ባልፍ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የሚስቅብኝ ብዙ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወልድያ አጠናቀው በ1975 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመሄድ ስታትስቲክስ አጥንተዋል። በ1979 ዓ.ም. ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱና በሐብሩ ወረዳ በአንድ የዘር ሙከራ ጣቢያ ተቀጠሩ። ጣቢያው በገበሬው ማሳ ላይ ልዩ ልዩ የማሽላ ዘር እየዘራ፣ የቱ በአጭር ዝናብ እንደሚደርስ፣ የቱ አቀንጭራ የተባለውን አረም እንደሚችል፣ ለየቱ ቀበሌ የቱ እንደሚበጅ ይመዘግባል። በ1984 ዓ.ም. ከመምህር ንጉሴ ሙላቱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ብርሃኑንና ለምለምን አፍርተዋል። በመልሱ ዕለት ምርት እየተመዘነ ነው ብለው ጣቢያ ውለው፣ እንግዳው ሁሉ በልቶ ሊነሣ ሲል ፀጉራቸው ላይ ገለባ ይዘው የደረሱት ሙሽራ እርሳቸው ናቸው። እናታችን ይህን እስኪሞቱ ድረስ አልረሱላቸውም።

በ1985 ዓ.ም. ጣቢያው ኮምፒውተር ሲያገኝ፣ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከመጽሐፍ ተምረው መረጃውን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም በራሳቸው ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ለኮምፒውተሩ መጠባበቂያ የተገጠመው ባትሪ ለፕሮግራሙ ሲግናል ይልካል፤ ይህም «መብራት ሄዷል፣ የያዝከውን ጨርሰህ ዝጋ» የሚል ድንገተኛ ማሳወቂያ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራማቸው ግን አንዱን ሲግናል ከተቀበለ በኋላ የታዘዘውን ይረሳ ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ እየጻፈ ያለውን ጥሎ ይወድቃል። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችል ነበር። እኛ ጋ ግን መብራት መቼ አንዴ ሄዶ ያርፋል? ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይሄዳል። በዚህ ሰበብ መርሳ አጠገብ ከሚገኘው ከገበሬው ከአቶ አብዱልጀሊል ሰይድ ማሳ የተሰበሰበው የአንድ ዓመት መረጃ ተበላሸ።

ወይዘሮ ሰገን ሰው አልላኩም። ራሳቸው ሄደው በአቶ አብዱልጀሊል ደጃፍ ላይ ቆሙና «ድካምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። አቶ አብዱልጀሊልም «አይ ሰገን፣ መሬቱ የትም አልሄደ፤ ኢንሻአላህ ከርሞ እንዘራዋለን። ይልቅ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ብለው አስገቧቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰብ በፋሲካም በአረፋም ተለያይተው አያውቁም።

እንደተመለሱም ፕሮግራሙን በዘመኑ በነበሩት ሲግቬክ፣ ሲግብሎክ እና ሲግሴትማስክ በሚባሉ ፈንክሽኖች፣ ማለትም ተዘጋጅተው በተቀመጡ የፕሮግራም ትእዛዞች፣ አስተካከሉት። መረጃው ተጽፎ እስኪያልቅ ሲግናሉ ደጅ ይቆያል፣ ሲያልቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ከመረጃው ግን አንድ መስመር አልጎደለም። የእርሳቸውም ጠባይ ይኸው ነበር። ሥራ ከያዙ ንጉሥ ቢጠራቸው «ቆዩ፣ ይቺን ልጨርስ» ነው መልሳቸው። ስንት ምሳ እንደቀዘቀዘ አቶ ንጉሴ ይመስክሩ።

ዓመታት ሲያልፉ እነዚያ ፈንክሽኖች አረጁ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች «አናውቃቸውም» አሉ፣ ፕሮግራሙም አልነሣ አለ። ያለ ፕሮግራሙ ደግሞ የብዙ ዘመን መረጃ አይነበብም። አሮጌው ኮምፒውተር እያጣጣረ ነበርና፣ ወይዘሮ ሰገን በ2013 ዓ.ም. ፕሮግራሙን ሲግአክሽን በሚባለው በአዲሱ ፈንክሽን መጻፍ ጀመሩ። ሥራው ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ወልድያ ጭንቅ ላይ ሳለች፣ እኛ ሻንጣ ስናስር እርሳቸው የመረጃውን ዲስክ ሊያመጡ ወደ ጣቢያው ሄዱ። «እታለም፣ በማርያም ይሁንብሽ ተመለሺ» ብዬ በስልክ አለቀስኩ። «ያን ሁሉ ገበሬ ልፋት የት ጥዬ?» አሉኝ። ስልኩ በዚያው ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችሉም። ለወራት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ፣ ስማቸውን ስናነሣ እያለቀስን ሰነበትን።

ለካ ዲስኩንና ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በእግራቸው ተጉዘው አቶ አብዱልጀሊል ቤት ገብተው ኖሯል። ያ ጊዜ ሰው በስሙና በትውልዱ ክፉኛ የሚጠየቅበት ነበር። አቶ አብዱልጀሊል ለጠየቃቸው ሁሉ «እህቴ ናት» ይሉ ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢብቲሳም እህቴ ይዘውት የመጡትን ኢንሱሊን ሙቀት እንዳያበላሸው በትንሽ ገንቦ አድርገው፣ ገንቦውን በእርጥብ አሸዋ ቀብረው ጠዋት ማታ ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ወራት ነው ይህ የሆነው። መድኃኒቱ ሲያልቅም አቶ አብዱልጀሊል በየመንደሩ እየዞሩ፣ ሕመምተኛው ከሞተበት ቤት የተረፈውን እየለመኑ አመጡላቸው። ለዚህ የሚበቃ ምስጋና እኔ የለኝም፤ ፈጣሪ ይክፈላቸው።

የአቶ አብዱልጀሊል ልጅ አሚር በሶላር ባትሪ የሚሠራ ፀጉር ቤት አለው። ላፕቶፑ የሚሞላው እዚያ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ግን አንዳንዱን መስመር ግማሽ ላይ እየተወ አስቸግሯቸው ከረመ። አንድ ቀን ላፕቶፑ ባትሪውን ጨርሶት፣ አንድ አዛውንት ራሳቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቀረ። አዛውንቱ «ይቺን ይዤ ነው ጁምዓ የምሄደው? ያላህ!» ብለው ቢቆጡ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሚር እንደነገረን፣ ወይዘሮ ሰገን ሲስቁ ቆይተው ድንገት «የእኔም መስመር እንዲህ ነው በግማሽ የሚቀረው» ብለው ወደ ላፕቶፑ ዞሩ። አሮጌው ፈንክሽን ሥራው በሲግናል ሲቋረጥ ሳይነገረው ራሱ ተመልሶ ይቀጥል ነበር። አዲሱ ግን «ተመልሰህ ቀጥል» ብለው ካላዘዙት በግማሽ ይተዋል። ትእዛዟን ያን ዕለት ጨመሯት። አዛውንቱም ባትሪው ሲሞላ በነፃ ተላጭተው፣ መርቀዋቸው ሄዱ።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕይወት ተገናኘን። እልልታችን ሳያልቅ ግን ኩላሊታቸው ክፉኛ መጎዳቱ ታወቀና በደሴ ሕክምና ጀመሩ። ጦርነቱ የገበሬውን የዘር ጎተራ አሟጦት ነበር። ከሌላ አገር የሚመጣው ዘር ለየቱ ማሳ እንደሚሆን የሚናገረው በዚያ ዲስክ ላይ ያለው መረጃ ብቻ ነበር። አልጋ ላይ ሆነው ስለ መድኃኒታቸው ሳይሆን ስለዚያ መረጃ ይጠይቁ ነበር፤ ሐኪሙ ሳይቀር ስለ ማሽላ ብዙ ተምሯል።

መብራት ወደ ጣቢያው እንደተመለሰ፣ ያሠለጠኗት ባልደረባቸው ቡርቱካን የካቲት 14 ቀን ፕሮግራሙን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሞከረችው። እየጻፈ ሳለ ሆን ብላ መብራቱን አጠፋች፣ አበራች፣ ደግማ አጠፋች። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ።

«ሁለተኛውንስ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«ሁለተኛውንም አልፏል እትዬ ሰገን! አንድ ፊደል አልጎደለም፤ የጥንቱም ሁሉ እየተነበበ ነው» አለች ቡርቱካን እያለቀሰች።

«ተመስገን። በሉ እንግዲህ፣ ለሐብሩ ሰው የሚዘራውን ንገሩት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አልጠየቁም። እጄን ይዘው፣ ልጆቻቸውን መርቀው ሁለት ቀን ቆዩ። የካቲት 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ የካቲት 17 ቀን በትውልድ ከተማቸው በወልድያ፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

ወይዘሮ ሰገን ባለቤታቸውን አቶ ንጉሴን፣ ልጆቻቸውን ብርሃኑንና ለምለምን፣ ወንድማቸውን አቶ አብዱልጀሊል ሰይድን ከነቤተሰባቸው፣ እንዲሁም እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በሐዘናችን ድንኳን ለጣላችሁ፣ ውሃ ለቀዳችሁ፣ ከመርሳ፣ ከሐራና ከሲሪንቃ በዚህ ሁሉ የመንገድ ችግር ለመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። የደግ ሥራ ዋጋ የማይጠፋበት አምላክ እህታችንን ከቅዱሳኑ ጋር በብርሃን ያኑርልን።

ቡርቱካን ትናንት ማታ እንደነገረችን፣ ለየቀበሌው የሚሆነው ዘር ተለይቶ ለገበሬው መነገር ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከርሞ ጥቅምት ላይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር የማሽላውን እሸት ስትቀምሱ፣ ነፍሷን ይማር በሉልኝ።