የትሪና ክርን

ለውድ ወንድሜ ለሶረን፤

ባሕሩንና ተራራውን ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ትከሻህስ ከዚያ ሁሉ መረብ መጎተት ትንሽ አረፈ? ግሬታን ሳሉ ለቀቃት? ትንሿ ሊቭስ ጥርስ አወጣች? እኔ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ፤ ወንበሩ እሾህ ሆኖብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሪና የምትባል ቃል የማትናገር የሰባት ዓመት ልጅ አስተምር ነበር። ሥራዬ ጃኬቷን ለብሳ ዚፑን እንድትዘጋ ማስቻል ነው። በትምህርት ቤቱ ሕግ ጃኬቱን ራሱ የማይዘጋ ልጅ በእረፍት ሰዓት ውጭ አይወጣም። ስለዚህ ሌሎቹ በረዶው ላይ ሲንከባለሉ ትሪና በመስኮት ታያቸዋለች።

አለቃዬ ዶሪን የመረጠችው ዘዴ የልጅቷን ክርን ይዞ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማስኬድ ነው። ሥራው በአሥር ደረጃ ተከፍሏል፤ መዝገቡ ከአሥሩ ዘጠኙን «በራሷ» ትሠራለች ይላል። አንድ ቀን እጄን ኪሴ ከትቼ ጠበቅኩ። ምን አደረገች መሰለህ? ክርኗን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ቆመች። ያዢኝ ማለቷ ነው። ለካስ ስምንት ወር ሙሉ ያስተማርናት ዚፕ መዝጋትን ሳይሆን የኛን እጅ መጠበቅን ኖሯል! ክርኗን ነካ ስናደርግ ስለምትንቀሳቀስ «በራሷ» ብለን እንጽፋለን። እኔም ጽፌያለሁ፤ አልክድም።

ዘዴውን ገልብጬ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ሁሉን እኔ እሠራና አገጯ ሥር ያለችውን የመጨረሻ ጉተታ ለእሷ እተዋለሁ። ያችን ስትችል አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። እንዲህ ሲሆን ሥራውን የምትጨርሰው ሁልጊዜ እሷ ናት። መዝገቡ ላይ እውነቱን ስለጻፍኩ ግን እድገቷን የሚያሳየው ግራፍ ገደል ገባ።

ዶሪን በሰው ፊት «ስምንት ወር የሠራሁትን ቤት በስድስት ቀን አፈረስሽው!» አለችኝ። «ቤት መቼ ነበረና? የቤት ሥዕል ነው የቀደድኩት» አልኳት። «ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ምላስ ብቻ ነው እንዴ?» ብትለኝ፣ «ምላሱ ከቤት ነው፤ እዚያ የተማርኩት መቁጠር ነው» አልኩ። ባልደረባዬ ፐርል እጄን ጎትታ «አንቺ ልጅ፣ ለአፍሽም ዚፕ በተገኘልሽ!» ብላ አስወጣችኝ።

ሳላስፈቅድ መለወጤ ጥፋት ነው፤ ያንን በጽሑፍ አምኛለሁ። ዶሪን ግን ሌላ ወረቀት አመጣች፦ ልጅቷ ወደ ኋላ የተመለሰችው በእኔ ምክንያት ነው የሚል። እስከ ሰኞ ካልፈረምኩ የስምንት ወር የልምምድ ሰዓቴን አታጸድቅልኝም፤ ያለዚያ ደግሞ ለሙያ ፈቃድ ፈተና መቀመጥ አልችልም። እኔንም ከትሪና አንስታ ልጅቷን ለፐርል ሰጠቻት። እማ «ፈርሚና ገላግይን፤ ወረቀት ነው» አለችኝ። እስክሪብቶ አንስቼም ነበር። ነገር ግን ያ ወረቀት በትሪና መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው አስተማሪም አንብቦ ተመልሶ ክርኗን ይይዛል።

ዛሬ ጠዋት ሳልፈርም መለስኩት። ዶሪን «ስምንት ወርሽን ጣልሽው» አለችኝ። ጣልኩት። ሌላ ቦታ ከዜሮ እጀምራለሁ።

ማታ ፐርል ደወለች። እንደ ነገረችኝ፣ ዛሬ ስምንቱን ደረጃ እሷ ለትሪና ሠርታ፣ ከዚያ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ጠበቀች። ትሪና ክርኗን ገፋች። የሚይዛት ስታጣ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ዚፑን ይዛ እስከ አገጯ ጎተተችው። ፐርል «ከአሥር ሁለት» ብላ ጽፋ ስሟን ፈረመችበት። ትሪና ገና ከመስኮቱ ጀርባ ናት፤ ሁለቱ ደረጃዎች ግን የራሷ ናቸው።

ግሬታን እቀፍልኝ፤ ማሯን ከወተት ጋር ትጠጣ። ሊቭን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህን ወይዘሮ አስትሪድን ስለ ሹራቡ አመስግንልኝ። እማ «አልከሳሁም ብለህ ማልልኝ» ብላለች፤ አንተ ግን እውነቱን ጻፍላት።

እህትህ ቲልዳ
ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2019