አርባ አንደኛው ጥያቄ

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታዬ እንደ እናንተ የሙያ ደንብ በተራ ይሁንና፣ መጀመሪያ ሙቀትሽ፣ ቀጥሎ የልብ ምትሽ፣ ከዚያ ግፊትሽ እንዴት ነው? እህል ይወርድልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እናትሽንስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አልጋ ሲገፋ ኖሮ፣ አሁን ተራው የኔ ነው፣ ግፉኝ እያለ ነው።

የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን በሁለት ነጥብ መውደቅሽን እናትሽ በስልክ ነገረችኝ። ዳግመኛ አልፈተንም ብለሽ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ሱቅ መግባትሽንም ሰማሁ። ምዝገባው ወር ሳይሞላ ይዘጋል አለችና ልመክርሽ ብዕር አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ምክሬ ምን እንዳደረገሽ እሷው ነግራኛለቻ! ፈተናው ላይ ታካሚ እንዴት እንደሚነጋገሩት ሲጠይቁሽ "የአጎቴን መልስ መለስኩላቸው" ብለሽ ስቀሻል አሉ። እናትሽ እንደ ቀልድ ነው ያወራችልኝ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ፣ ስትማሪ እኛ ቤት ትተኚበት የነበረው ክፍል ገባሁ።

የመለማመጃ መጽሐፍሽ እንደተውሽው መስኮቱ ሥር አለ። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ትዝ ይልሻል፣ እኔ ታካሚ ሆኜ ሶፋው ላይ ተጋድሜ፣ አንቺ በሰሃን ከረሜላ ይዘሽ መድኃኒት ስታድዪ? ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን እያልሽ በጣትሽ ትቆጥሪ ነበር። ስሜን ስትጠይቂኝ የጎረቤታችንን የአናጺውን ስም ነገርኩሽ። አንቺም እጄ ላይ ያሰርሽውን የስም መለያ ሳታነቢ ሁለት ከረሜላ አጎረስሽኝ። "አንቺ ልጅ፣ አናጺውን ገደልሽው! ለሚስቱ ማን ሊነግራት ነው?" ብዬ ስጮህ ሰውየው ራሱ መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ከዚያ ወዲህ መለያ ሳታነቢ አንዲት ከረሜላ ሰጥተሽኝ አታውቂም። በዚያ ተንኮሌ አልቆጭም።

የሚቆጨኝ አርባ አንደኛው ጥያቄ ነው። ታካሚው ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል እጅሽን ይዞ "የምድን አይመስለኝም" ይልሻል፤ ምን ትመልሺለታለሽ? በእርሳስ መጀመሪያ ያከበብሽው "ሐ"ን ነበር፤ "ያስፈራዎት ነገር ምን እንደሆነ ይንገሩኝ" የሚለውን። ከዚያ በላጲስ አጥፍተሽ "ለ"ን አከበብሽ፤ "አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም"። ላጲሱ ወረቀቱን ሊቀድደው ትንሽ ነው የቀረው። ያስጠፋሁሽ እኔ ነኝ። "ይህን የጻፈው ሰውዬ ታሞ አያውቅም! የጨነቀው ሰው አይዞህ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እንደ ፖሊስ ቃሉን ልትቀበይው ነው?" ብዬ ሳቅኩብሽ። አንቺም ዕድሜዬን በሆስፒታል ኮሪደር የጨረስኩ ሰው ነኝና አመንሽኝ።

መልሱን አሁን ከጀርባው ገጽ አየሁት። "ሐ" ነው። አይዞህ ማለት ክፋት ነው አይልም መጽሐፉ፤ ታካሚው ሊናገር የጀመረውን አፉ ላይ ይዘጋበታል ነው የሚለው። ይህን አንብቤ አልጋሽ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ታካሚ አውቀዋለሁ። አባትሽ ነው።

ለቀዶ ጥገና የገባ ዕለት አልጋውን ሌላ ሰው አይነካውም ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ። አሳንሰሩን ስንጠብቅ እጄን ያዘኝና "ስማኝ ወንድሜ፣ የምመለስ አይመስለኝም። ልጅቷን..." አለኝ። እኔም ቀበል አድርጌ "አይዞህ! አንተ ሁላችንንም ቀብረህ ነው የምትሄደው፤ ይልቅ ስትወጣ የወሰድክብኝን ጃኬት መልስ" ብዬ ሳቅኩ። እሱም ፈገግ አለ። ለራሱ አልነበረም፣ ለኔ አዝኖ ነው። ከዚያ እጄን ለቀቀና ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ መብራት አዞረ። አልተመለሰም።

ከቀብሩ በኋላ አባዬ መጨረሻ ላይ ምን አለ እያልሽ ስትወተውቺኝ፣ ልጄ ነርስ ትሁን ብሎ ተናዘዘ አልኩሽ። አላለም። "ልጅቷን" ብሎ ነው የቀረው። የቀረውን ወደ ጉሮሮው የመለስኩበት እኔ ነኝ። ቀዳዳዬን ልደፍን የፈጠርኩትን ቃል አንቺ እንደ አባት አደራ ተሸክመሽ አራት ዓመት ተማርሽበት። ለቀስተኛውም ኑዛዜ የጠበቀ ወንድም እያለ ሲያመሰግነኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ስለዚህ ተመዝገቢም፣ አትመዝገቢም አልልሽም። የአባት አደራ የለብሽም፤ የአጎት ውሸት ነው ያለብሽ፣ እሱንም ዛሬ አወረድኩልሽ። ደግመሽ ከተፈተንሽ ግን ከላጲሱ በፊት የነበረውን ምልክት አስቢ። "ሐ"ን አባትሽም እኔም አላስተማርንሽም፤ የራስሽ ነው።

ትናንት አንድ ሽማግሌ ስገፋ "ፈራሁ ልጄ" አሉኝ። አይዞዎት ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩትና "ምኑን ነው የፈሩት?" አልኳቸው። ለካ ሰውየው የፈሩት ሞትን አይደለም፤ ግቢ ውስጥ የታሰረ ውሻቸውን የሚያበላው ሰው የለም። ጎረቤታቸው ጋ አስደወልኩላቸው። ይህቺን ታህል ነገር ነበረች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያቃተችኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ፤ ከባድ ነገር አታንሳ። ይህን ደብዳቤ ብታነቢላት አልከለክልሽም፣ እሷንም ነው የዋሸሁት። አያትሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ታናሽ እህትሽንም ጆሮዋን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤቴ ትስምሻለች። አናጺውም እስካሁን በሕይወት አለ፣ ሰላም ብሎሻል።

ስትጽፊልኝ የፈለግሽውን ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። አይዞህ ብቻ አትበዪኝ።

አጎትሽ
ትተኚበት ከነበረው ክፍል
ኅዳር ፱ ቀን