ለባዘዘው፣ ስለ አርሴማ የቤዝቦል ጌም

ባዘዘው፣

ትናንት «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ስለ ጌም ምን ያውቃሉ?» ብለህ ሳቅህብኝ። አስኳላ ስላልገባሁ ዓይንም የሌለኝ መሰለህ? በሩን ወርውሬ የዘጋሁት ለዚያ ነው።

ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ዶሮዎቹን ሳይመሽ ዝጋ። እኔ ለልጄ ለአርሴማ ተዝካር ጠላ ልጠነስስ ዲማ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ።

አንተ ጌሙን ስትጫወት ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ ዱላህን ትሰነዝራለህ። ዓይንህን ከእጁ አትንቀል። ከፍ ብላ፣ ዝግ ብላ የወጣችው መጨረሻ ላይ ቁልቁል ትወርዳለችና ተዋት። ቀጥ ብላ የመጣችውን ምታ።

ይህን ያወቅሁት ከሚስትህ ጋር ነው። አንተ መኪናህን ይዘህ ደጀን ስታድር፣ የልጄ ዓይን ደክሞ ኳሷን መለየት አቅቷት ነበር። እሷ ጆይስቲኩን ትይዛለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «ተያት!»፣ «ምቺ!» እላታለሁ። ስትመታ ያን ሁሉ ሕመሟን ረስታ ትስቅ ነበር።

አንተ አላየህም።

ጌሙን ለጎረቤት ልስጥ ያልከውን ሰምቻለሁ። የጀመረችው ጨዋታ ሳያልቅ እዚያው ውስጥ አለ፤ ለማንም እንዳትሰጥ። ስመለስ አንተ ጆይስቲኩን ያዝ፣ እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

ምታ ሳልልህ አትምታ።

የብርጓል