የኋላው ወንበር ባዶ ነው

እታለም፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ጨው በዝቶበታል፤ ውሃ ጨምሪበትና ዝም ብለሽ ብይ።

እኔ ፀጉር ቤት ከምትሠራው ጓደኛዬ ጋር ወደ ወይን እርሻዎቹ ልሄድ ነው። ነገ ማታ እንመለሳለን። አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ትናንት በራችን ላይ ቆማ «ወይን ትቀምሻለሽ?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። አፌን ሳልከፍት «እሷማ ሽታው ራሱ ያሰክራታል!» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ፤ ዲዳ እህት ያሳደግሽ ይመስል።

እኔም ብድርሽን መለስኩልሽ። ደረጃው ላይ «እታለምስ አትመጣም?» ስትለኝ፣ «እሷን መኪና ያስመልሳታል፤ ደግሞ ከፈረቃ ገብታ መተኛት ነው የምትወደው» አልኳት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዛሬ ጠዋት ግን ጫማዬን ስፈልግ አልጋሽ ስር አዲስ ባርኔጣ አገኘሁ፣ ከነዋጋ ወረቀቱ። ሰው ለመተኛት ባርኔጣ አይገዛም። በሰው አገር ስንኖር ከዚህ ሰፈር ወጥተን አናውቅም፣ እኔም አንቺም።

ጓደኛዬ እስከ ምሳ ድረስ ደንበኛ አላት፤ ፀጉር ቤቱ በር ላይ፣ መኪናዋ ጋ ሆኜ እጠብቃታለሁ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

መኪና የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ መጥተሽ ራስሽ ንገሪያት።