ስለ ጡጦዬ ለተሰጠኝ ተግሣጽ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ ይስማማዎታል? እኔ ልብስ ሰፊና የአንዲት ጨቅላ እናት ስሆን፣ የዋሉልኝን ውለታ ለብቻዬ ታቅፌ መቀመጥ ስለከበደኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩ኛ፦ ልጄን ላስመዝን በመጣሁበት ቀን ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን ጡጦ አይተው፣ ጡቴ እንደማያጠግባት ለማስረዳት ገና አፌን ስከፍት፣ ተራ በሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ፊት «ወተት የሌላት እናት የለችም፤ ያለችው ሰነፍ እናት ናት» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አልሰማሁም እንዳልል ድምፅዎን ከፍ ማድረግዎ ደግሞ ርኅራኄዎን ያሳያል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የራሷን ጡጦ ቀስ ብላ በፎጣ ስትጠቀልል ስላየሁ፣ ትምህርትዎ ለእርሷም ሳይደርሳት አልቀረም።

፪ኛ፦ ምክርዎን አክብሬ፣ ቤት እንደገባሁ የዱቄት ወተቱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። አማቴ፣ ልጅ አሳድገው የጨረሱ ሴት፣ ሕፃኗ እየራባት መሆኑን ቢነግሩኝ፣ የተማረ ሰው ከእኛ ይበልጥ ያውቃል ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ልጄ የሌለውን ስትስብ፣ ስትለቅና ስታለቅስ ሰንብታ፣ በኋላ ማልቀሱንም ተወችው። ዝም ስትል ጠገበች ብዬ ደስ አለኝ። ያቺን ደስታዬን እስካሁን ይቅር ልላት አልቻልኩም።

፫ኛ፦ የሽንት ጨርቋ ደርቆ ሲውል ባለቤቴና እኔ ታቅፈናት ወደ ሆስፒታል ሮጥን። የሕፃናት ሐኪሙ የደረቀ ከንፈሯን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ እኔን ሳይቆጡ፣ «ሌላ በሽታ የለባትም፤ ርቧት ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ሕክምናው ተደርጎላት ዓይኗን ስትገልጥ፣ ጡቴን ሳላቋርጥ የጎደለውን በጡጦ እንድሞላ መከሩኝ፤ አንዲት ነርስም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ የልጄን አፍ ከጡቴ ጋር እንዴት እንደማገናኝ አሳየችኝ። ይህ ሁሉ ያለ ስድብ መሆን እንደሚችል ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አሁን ልጄ ድናለች፤ ጉንጯም ሞላ ብሏል። እኔ ግን ጡጦ ባነሣሁ ቁጥር የእርስዎን ድምፅ፣ ጡቴን በሰጠኋት ቁጥር ያንን ዝምታዋን ስለምሰማ፣ በየትኛውም ባጠባት ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። አማቴ «ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ይሉኛል፤ እርሳቸው ሲያጽናኑኝ ይብስ አፍራለሁ። ስለዚህ፣ ሥራ ካልበዛብዎ፣ ከእኔ በኋላ የምትመጣዋን አራስ ከመገሠጽዎ በፊት ልጇ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና ቢጠይቁልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ተግሣጽ ጠግባ ወተት ያነሳት፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣

ልብስ ሰፊዋ እናት

ማስታወሻ፦ በራፍዎ ላይ የተለጠፈው የምታጠባ እናት ሥዕል እጅግ ያምራል። ፈገግታዋን ሳየው፣ እርስዎ ዘንድ ቀርባ እንደማታውቅ ወዲያው ገባኝ።