ሚዛኑ ለሙዚየም፣ ጠረጴዛው ለአነስ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። እኔ ዩሱፍ ሸረፋ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ መድኃኒት ቀማሚ፣ ዛሬ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰውነቴ ቢዝልም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ አቶ ጋዲሳ ነው፤ ትንፋሼ ስለሚያጥረኝ ይታገሰኝ።

ቤቱን ልጆቼ አነስና ሰልዋ በሸሪዓው ድርሻ ይካፈሉ። የሰው ዕዳ የለብኝም። ቀብሬ ቦታ ከተገኘ ከባለቤቴ ከዙሀራ አጠገብ፣ ያለ ግርግር ይሁን።

በመስታወት ሣጥን ያለው የመድኃኒት ሚዛን ከነሐስ ክብደቶቹ ጋር የድሮ መድኃኒት ቤት ዕቃ ለሚሰበስበው ሙዚየም ይሰጥ። ከሥሩ ያለውን የማሆጋኒ ጠረጴዛም አብረው እንዲወስዱልኝ ነበር ምኞቴ። በአንዱ ጎን እኔ ዱቄቱን ስመዝን፣ በሌላው ጎን ዙሀራ በወረቀት እየጠቀለለች ኖረናል። ክርናችን ያረፈበት ቦታ ጠቁሮ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ሆስፒታል ሳለሁ የሙዚየም ሰዎች ሊመጡ ነው ሲባል፣ አነስ ለእንግዳ ግድግዳ እንደሚቀባ ሁሉ ጠረጴዛውን 18 ማዞሪያ ሰፈር ካለው የእንጨት ሥራ ቤቱ ወስዶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ቫርኒሽም ረጨበት። አባቴ እንዳያፍር ብሎ ነው። ቤት ከገባሁ በኋላ ከሙዚየሙ የመጣችው ወይዘሮ ኤቢሴ ዳሰስ አድርጋው፣ «አባባ፣ ሚዛኑን በደስታ እንወስዳለን። ጠረጴዛው ግን አዲስ ሆኗል፤ የእናንተ አሻራ የለበትም» አለችኝ። ዙሀራን ዳግም የቀበርኳት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አነስ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረበም፤ አሁንም በር ላይ ቆሟል። እኔም ለቁጣ የሚሆን አቅም አልቀረኝም።

ጠረጴዛውን ለአነስ ሰጥቻለሁ። ለወራሽ የተደረገ ኑዛዜ ሌላው ወራሽ ካልፈቀደ እንደማይጸና ስለማውቅ ሰልዋን በምስክሮቹ ፊት ጠየቅኋት።

«የእማማን ክርን ፍቆ ላጠፋው ነው የሚሰጡት? ያስታመምኩዎት እኔ አይደለሁ?» አለች። እውነቷን ነው።

«አዎ፣ ለእሱ ነው» አልኳት። «ለሌላ ከሰጠሁት፣ ባየው ቁጥር ያጠፋውን ብቻ ነው የሚያየው። እንደዚህ ትቼው ልሙት?»

ትራሴን አስተካከለችልኝ። በኋላ «ፈቅጃለሁ፤ ይጻፍ» አለች። አላህ ይውደድሽ፣ ልጄ። እናትሽ ዱቄት ትጨልፍበት የነበረው የቀንድ ማንኪያ ያንቺ ይሁን፤ አነስም ከበሩ ሆኖ ፈቅዷል።

አነስ፣ ሚዛኑ እንግዲህ ከመስታወት ጀርባ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ጠረጴዛው ግን ይነካ። ፕላስቲክ አታንጥፍበት፤ ዳግመኛም አትቀባው። ከሚስትህ ከፈይዛ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡበት፤ ብሉበት፣ ተጣሉበት፣ ታረቁበት። ቫርኒሹ በክርናችሁ ይልቀቅ።

ደክሞኛል። ጠረጴዛውን ወደ አልጋዬ አስጠጉልኝና ልፈርም። ክንዴን የሚደግፈኝ አነስ ይሁን፤ ይግባ።

ተነብቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ፦ ዩሱፍ ሸረፋ (ፊርማ)

አብረን ሰምተን የፈረምን ምስክሮች፦ ጋዲሳ ነገሬ (ጸሐፊም)፣ ኑሕ በሽር፣ መኳንንት ደሜ፣ ነኢማ ሱልጣን (ፊርማዎች)

ስለ ጠረጴዛው የፈቀድኩ፦ ሰልዋ ዩሱፍ (ፊርማ)

ክንዳቸውን የደገፍኩ፦ አነስ ዩሱፍ (ፊርማ)