ድምፄን ዝቅ ማድረግ የተማርኩበት ዓመት

ሰይዴ፣ የሐያት አባት፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ።

ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ቤታችን እንደተውከው አይደለም። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ፤ በድሮ ቦታው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቡናማ ጃኬትህን ወንድምህ ይመር ወስዶታል፤ እጅጌው ያጥረዋል፣ ግን አያወልቀውም። ሐያት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ በቁመትም በልጣኛለች። እኔ አሁንም እዚሁ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ፣ ፈትል ክፍል፣ በፈረቃ ነኝ። የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። የፊልም ትወና ተማርኩ ሰይዴ። የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቀራረብም አብሮ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ መግቢያ ላይ ተለጥፎ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ለሦስት ወር ይላል። ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ተመለስኩ። ሰው ከጠየቀኝ «የባሌ ኑዛዜ ነው» ልበል ብዬም ነበር፤ እንዲህ ካልኩ ማን አፉን ይከፍትብኛል? አንተ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተናዘዝክም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በተኛህበት ሰሞን የምታወራው ስለ ሐያት ትምህርትና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነበር። በስምህ መዋሸት አልሆነልኝም። የራሴ ፍላጎት ነው ብዬ ተመዘገብኩ።

ይመር ሲሰማ ቤት ድረስ መጣ። «ባሏ የሞተባት ሴት በቴሌቪዥን ስትታይ ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«የሚለውን ይበል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ነኝ» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አፌ እንዲያ ይበል እንጂ፣ ቅዳሜ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ወርጄ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ወላሂ አልደብቅህም።

ከአሥራ ሁለታችን ሠልጣኞች በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። የያዝኩትም አንተ በፋብሪካው የኪነት ቡድን ያስተማርከኝን ብቻ ነው። በበዓል ቀን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ያለ ማይክሮፎን ስንጫወት «ድምፅሽ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማ» ትለኝ አልነበር? ካሜራው ፊት ቆሜ እንደዚያው አደረግኩ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ መንጭቆ አነሳ። ልጆቹ ሳቁ። አሰልጣኛችን ወጣት ነው፣ ግን ሰው አክባሪ ነው። «እትዬ ዘይነብ፣ ካሜራው አጠገብዎ ነው። አጠገብዎ ለተቀመጠ አንድ ሰው ይንገሩ» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በማሽን ጩኸት ላይ ስጮህ ኖሬ ይሄ ቀላል መሰለህ? ከሥራ ስመለስ ሐያት በስልኳ ትቀርጸኛለች። «እማ፣ ቅንድብሽ ብቻውን ይተውናል» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም እያየሁ እናደዳለሁ፣ ደግሜ እሠራለሁ።

በሁለተኛው ወር ከባዱ ቀን መጣ። የምጫወተው ልብስ የምታጥፍ ሴትን ነው፤ ስልክ ይደወልና ባልሽ ሞተ ይሏታል። አሰልጣኙ ቀረብ ብሎ «የራስዎን ቀን ያስታውሱ፣ እንባው ይመጣል» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «የባሌን ሞት ለልምምድ አላመጣውም።»

 ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እንግዲያው እንባውን ይተዉት፤ ስልኩን ብቻ በደንብ ያዳምጡ፣ እጅዎ ሥራውን ይቀጥል» አለ። አዳመጥኩ። አንዱን ሸሚዝ አጠፍኩት፣ ፈታሁት፣ መልሼ አጠፍኩት፤ እጄ ሌላ ነገር መሥራት አቃተው። አላለቀስኩም። ቀረጻው ሲያልቅ ልጆቹ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ትወና ማለት ፊትን መለዋወጥ ሳይሆን የሚነገርህን ከልብ መስማት መሆኑ ያን ዕለት ገባኝ። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ላንተ አለቀስኩ። እዚያ ካሜራ አልነበረም።

ስልጠናው ሲያልቅ ስለ ሠራተኛ ሴቶች ሳምንታዊ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ሰዎች ለፈተና ጠሩን። ከፈታኞቹ አንዱ አነጋገሬ ወሎ ወሎ ይላል አለኝ። «ቃል ከተሳሳትኩ አርሙኝ፤ አነጋገሬን ግን የትም ጥዬው አልመጣም» አልኩት። የዋና አቅራቢነቱን ወንበር አላገኘሁም። ለአንዲት ጎበዝ ወጣት ሰጧት፤ ይገባታልም። ለኔ ደግሞ ሴቶቹ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄጄ የማነጋግርበት አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ወሰድኩት። የፋብሪካ ሥራዬንም አልለቀቅኩም፤ ፈረቃ እየተቀያየርኩ እሠራለሁ።

የመጀመሪያዋ እንግዳዬ እዚሁ ኮምቦልቻ ባጃጅ የምትነዳ ሴት ነበረች። ካሜራውን ስታይ ምላሷ ታሰረ። የጥያቄ ወረቀቴን ኪሴ ከተትኩና «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ያሳፈርሽው ሰው ማን ነበር?» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ማን ያስቁማት!

ፕሮግራሙ የተላለፈ ቀን ይመር ሳይጠራ መጥቶ ከሐያት ጋር ተቀመጠ። ሲያልቅ ተነስቶ ጫማውን እያሰረ «በሚቀጥለው ሳምንትም አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከሱ ይሄ ብዙ ነው፤ ታውቀዋለህ።

ሰይዴ፣ አልረሳህም ማለት ለአፍ ይቀላል። ስለዚህ አንድ ነገር ቃል ልግባልህ። ስለሞትክ ብቻ መልአክ አላደርግህም። ሐያት ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ደግነትህን እነግራታለሁ፤ ቶሎ ቱግ ማለትህንም፣ ተቆጥተህ ስታበቃ ይቅርታ መጠየቅ አቅቶህ ጓሮ ለጓሮ መንጎራደድህንም፣ ሲያስቅህ ደግሞ ዓይንህ እንደሚጠፋም እነግራታለሁ። ልጅህ የምታውቀው እኔ ያገባሁትን ሰውዬ ይሆናል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሌላ ሰው ሆነህ አትታወስም።

ሚስትህ ዘይነብ
ከኮምቦልቻ